በሩ የሸፈነው ቀለም

ሰይዴ፣ የቤቴ ሰው፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ለሞተ ሰው ሰላምታ የሚቀርበው መቃብሩ ዘንድ ተቁሞ ነበር። ያንተ የት እንደሆነ ያሳየኝ ሰው ስለሌለ ሰላምታዬን ለወረቀት ሰጠሁት። ያ የጭነት መኪና ከአውራ ጎዳናው ላይ ጭኖ ከወሰደህ ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። የሞትህ ወረቀት በቀበሌው አዳራሽ ከተነበበልኝ ደግሞ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ይህንኑ እነግራለሁ። ለራሴ የምቆጥረው ግን ሌላ ነው፤ ከባቡር ላይ የጻፍህልኝ ደብዳቤ እጄ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው የምቆጥረው። ለዚያ ደብዳቤ መልስ አልሰጠሁህም። አምስት ወር ሙሉ አንተ በሕይወት እያለህ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ በስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ እያለ አልሰጠሁህም። ለምን እንደሆነ ዛሬ ልነግርህ ነው። አስቀድሜ ግን የቤቱን ወሬ።

አርዲቦ ያሉት እናትህ ደህና ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አንደበታቸው ያው ነው። ሰው በላኩብኝ ቁጥር «ብቻሽን አትክረሚ፣ ነይ እኔ ዘንድ» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ ስፌቱን አሳብቤ እቀራለሁ። የሥራ ቤትህ በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ ባለፈው ክረምት ተደርምሶ ጎረቤት ተሰብስቦ በጭቃ አቆመልኝ። መጋዝህንና መላጊያህን ዘይት ቀብቼ በጨርቅ ጠቅልያቸዋለሁ፤ ለማንም አላዋስሁም። እኔ ያው እንደምታውቀኝ ነኝ። ጨርቅ ሲገኝ እሰፋለሁ፤ ሳይገኝ የሰው አሮጌ ኮት እየፈታሁ እገለብጣለሁ። ዘንድሮ ሁሉም የሚያስገለብጥ ሆኗል። በወልድያ በኩል የሚመጣው መኪና ቀንሷል፤ ጦርነቱ ቀርቧል ይላሉ። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

የሠራህልኝ ትንሹ ባቡር ከነጠረጴዛው እንዳለ ነው። ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ልክ በአዋሹ ድልድይ ላይ ሆነና አንድ ክረምት ሙሉ ሲንጠባጠብበት ከረመ። አሁን ላስቲክ አልብሼዋለሁ። የጣቢያውን ጣሪያ ሙጫ አይጥ በልቶታል። ሐዲድ ያደረግኸው ሽቦ ዝጓል፤ ፉርጎዎቹም እንዲሁ። አንተ በኮምጣጤና በጨው ያዛግኸው የቱ፣ ጊዜ በራሱ ያዛገው የቱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አቧራም ተኝቶበታል። ልጠርግ ጨርቅ አነሳና እተወዋለሁ። ከዚያ አቧራ ግማሹ አንተ በወንፊት ነፍተህ በጣትህ የበተንኸው ነው።

ስታገባኝ ባቡር አይተህ አታውቅም ነበር። ከደሴ ወዲያ የሄድህበት አገር አልነበረም። እኔ ደግሞ ከባቡር በቀር የማውቀው አልነበረኝም። አባቴ የሐይቅ ልጅ ቢሆንም በጎልማሳነቱ ሥራ ፍለጋ ድሬዳዋ ወርዶ እዚያው የፉርጎ ቀለም ቀቢ ሆኖ ሸመገለ። ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርሁ። በፉርጎዎቹ መካከል እየተሹለከለክሁ፣ የትኛው ጨው የጫነ፣ የትኛው ከብት የጫነ እንደሆነ በሽታው እየለየሁ ነው ያደግሁት። ጦርነቱ ድሬዳዋ ደጃፍ ሲደርስ፣ የፈረሰ ድልድይ ሊጠግኑ ከሄዱት ሠራተኞች ጋር አባቴም ሄደ። አልተመለሰም። ሬሳውንም አላየን። እናቴ እኔን ይዛ ወደ እሱ አገር መጣች፤ መጥታም ብዙ አልቆየችልኝ።

ይህን ሁሉ ባንድ ጊዜ አልነገርሁህም። ከተጋባን ግማሽ ዓመት ሳይሞላን፣ ከባድ መኪና በአውራ ጎዳናው ባለፈ ቁጥር የስፌቱን እጀታ ይዤ ዝም እንደምል አይተህ ኖሮ «ምን ትሰሚያለሽ?» አልኸኝ። ባቡር ይመስለኛል አልሁህ። ከሳምንት በኋላ አንድ ነገር በጨርቅ ሸፍነህ መጥተህ የስፌት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥህ። ገለጥሁት። ፉርጎ ነበር፤ ርዝመቱ አንድ ስንዝር፣ ከዋንዛ የተሠራ፣ ጎማዎቹ ከእኔው የክር እንጨት ተቆርጠው የተቃኑ። ቀይ ቀለም ቀብተህ፣ በላዩ ቫርኒሽ ደርበህ፣ ፊቴ እስኪታይበት አብለጭልጨኸዋል። ዓይን ዓይኔን ታያለህ።

እኔም ሳቅሁ። «እንዲህ ያለ ፉርጎ የለም፣ ሰይዴ። ይሄ የሙሽራ ሳጥን ነው» አልሁ።

አላህ ይቅር ይበለኝ፤ በሐይቅ ከተማ በሥራህ የሳቀብህ ሰው አልነበረም። ሁለት ቀን ከሰላምታ በቀር ቃል አልወጣህም። በሦስተኛው ቀን ፉርጎውን ይዘህ መጥተህ «እሺ፣ ምኑ ነው ያልሆነው?» አልኸኝ።

«አዲስ መሆኑ» አልሁህ።

ያን ቀን ነው የተጀመረው። አባቴ ቀለም ሲቀባ የሚያጉረመርመውን ሁሉ ለአንተ አወረስሁህ። ፀሐይ ቀለምን ከላይ እንደሚበላው፣ ውሃ ግን ከታች፣ ከሚያቁርበት ጠርዝ ጀምሮ እንደሚያዛግ ነገርሁህ። ብሎን ባለበት ቦታ ዝገቱ ወደ ታች እንደ እንባ መሥመር ሠርቶ ይወርዳል አልሁህ። እጅ የሚነካው መዝጊያ አይዝግም፤ ብረቱ ወጥቶ ያበራል አልሁህ። አንተ በጥፍርህ ጣውላው ላይ እየጫርህ ትሰማኝ ነበር። ከቀጥቃጩ ቤት የብረት ፍቅፋቂ ለምነህ በጣሳ ኮምጣጤና ጨው ውስጥ ዘፍዝፈህ አዛግኸው፤ ፈጭተህ ከሙጫ ጋር አዋሕደህ ቀባኸው። የመጀመሪያው አላማረም። ከሐይቁ ተጎትቶ የወጣ ነው ብዬ ደግሞ ሳቅሁ፤ በዚያን ጊዜ ግን አብረኸኝ ሳቅህ። ከኩራዝ ላይ ጥላሸት እየጠረግህ በላምባ አቅጥነህ የጭስ ጥቀርሻ ታደርገው ነበር። በአንድ ወገን ደግሞ እኔም አባቴም የማናውቀውን አገኘህ፤ ከሥር የተቀባው ቀለም ሳይደርቅ የጨው ፍሬ በትነህበት፣ በላዩ ሌላ ቀለም ቀብተህ፣ ሲደርቅ ጨውን በብሩሽ ስታራግፈው የተላላጠ ቀለም ሆኖ ቁጭ አለ። የሥራ ቤትህን በር ረግጠህ ወጥተህ «ሉባባ! ነይ፣ ተላጠልኝ!» ብለህ ስትጮህ ጎረቤት እጅህ የተላጠ መስሎት ሮጦ መጣ።

ሰው ይስቅ ነበር። አሮጌ አዲስ ያደርግልን የነበረው ሰይድ አዲሱን አሮጌ ማድረግ ጀመረ ይሉ ነበር። አልጋ ያዘዙህ አንድ ሽማግሌ «የኔን አደራ እንዳታስረጅብኝ» ብለውህ የሄዱትን ስናስታውስ ስንት ጊዜ ሳቅን።

ከዚያ ያ ክፉ ዓመት መጣ። ዝናቡ ቀረና በርና መስኮት የሚያሠራ ሰው ጠፋ። የሚታዘዝህ ቃሬዛ ብቻ ሆነ፤ ለቃሬዛ ደግሞ አንድ ቀን ዋጋ አልተናገርህም። እንደ ክር ቀጥ ያሉ ሁለት በሮች ሠርተህ ጨርሰህ ነበር፤ ያዘዙህ ሰው ሳይወስዷቸው ሞቱ፣ ቤተሰባቸውም ተበተነ። በሮቹ ለወራት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ቀን ቃሬዛ ትቸነክራለህ፤ ወደ ማታ ላይ ገብተህ ትቀመጥና እጅህን ታያለህ። አንድ ቀን ሁለቱን በሮች አጋድመህ ገጣጠምሃቸው። ምን ልታደርግ ነው አልሁህ። «አገርሽን ልሥራ» አልኸኝ።

እጃችን ሥራ ባይዝ ያን ዓመት የምንወጣው አይመስለኝም። ከሐይቁ ዳር አሸዋ ነፍተህ አመጣህ። ከአምባሰል ተራራ የመጣ ደረቅ ጦስኝ ከገበያ ገዝተህ የአዋሽን ቁጥቋጦ አደረግኸው። የድሬዳዋን ጣቢያ እኔ በጠመኔ እየሣልሁ አንተ ከዓሣ ጣሳ ቆረጥኸው። በአንድ ነገር ብቻ አልተስማማንም። ያ አገር ሜዳ ነው ብልህ አልሰማህም፤ ከጠረጴዛው ጥግ አንድ ገደላማ ተራራ አቆምህ። አምባሰልን እያየ ያደገ ሰው፣ ተራራ የሌለበት አገር እንዴት ሰው ይኖርበታል ብለህ ተከራከርኸኝ። ተውሁልህ።

ሳልጠይቅህ ደግሞ አንድ ክፍት ፉርጎ ሠራህ፤ መሰላል ተጭኖበታል፣ የምስማር ራስ የሚያካክሉ የቀለም ጣሳዎች ተደርድረውበታል። ሳየው አለቀስሁ። አንተም ከባቡሩ ራስ ቀጥሎ፣ ከሁሉ ፊት ቀጠልኸው። ባቡሩ በክር ነበር የሚሳበው፤ በአሮጌ የስፌት መኪና ጎማ ላይ ክሩን ጠምጥመህልኝ፣ እኔ ስዘውር እሱ ወደ ጣቢያው ይመጣል። ከዚያ በኋላ በዘወርሁት ቁጥር አባቴ ድሬዳዋ ይገባ ነበር።

አሁን ወደማልፈልገው ቦታ ደረስሁ።

የባቡሩ ወሬ ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ መጥቶ ጠረጴዛውን ዞሮ ዞሮ አየ። ድልድዩን ሲያይ ፈርቼ ነበር፤ ለጠላት የሚሆን ካርታ ነው እንዳይል። እሱ ግን ወደደው። ለአብዮት በዓል አዳራሹ ውስጥ እንዲታይ አዘዘ፤ አንዱ ፉርጎ ላይም መፈክር ይጻፍበት አለ። አንተም አዲስ ፉርጎ ሠርተህ በነጭ ቀለም «እናት አገር ወይም ሞት» ብለህ ጻፍህበት። ጽሑፉ ያማረ፣ ፊደሉ የተስተካከለ ነበር። ተውኸው። ተውኸው ነበር፣ ሰይዴ።

እኔ ነኝ ያልተውሁት። ባቡሩ ሲቀጣጠል ያች ፉርጎ ብቻ ከሁሉ ተለይታ ታበራለች። ይህች ብቻ አዲስ ሆና ሥራህን ሁሉ አሻንጉሊት አስመሰለችው አልሁህ። አንተ አመነታህ፤ በዓሉ አልፎ ይሁን አልህ። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝና ሥራ ሲጎድል አልችልም። ከዚያም ያን ነገር አስተማርሁህ። የፉርጎ በር ወደ ጎን ነው የሚንሸራተተው፤ ሲከፈት ከጎኑ ያለውን ግድግዳ ይሸፍናል። ፉርጎው ጣቢያ ላይ በሩ ተከፍቶ ስለሚውል ፀሐይ ሌላውን ሲያደበዝዝ በሩ የሸፈነው ቦታ ቀለሙ እንደ ድሮው ይቀራል። ይህን የሚያውቅ ቀለም ቀቢ ብቻ ነው አልሁህ። እየተኩራራሁ ነበር።

ነገሩ ደስ አለህ። ብርጭቆ ወረቀት አንሥተህ ቀስ እያልህ ጽሑፉን ፋቅህ፣ በአመድ ውሃ አጠብኸው፣ በሩ የሚሸፍነውን ግን ሳትነካ ተውኸው። ባቡሩን አይቼ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አገሬ የገባሁ መስሎኝ አያውቅም። ሐሰት የማይመስል ነገር ሠራህ። ሁለታችንም ቀለሙን ነው ያየነው። ፊደሉን አላነበብነውም።

በበዓሉ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ አነበበው። «እናት አገር» የሚለው ከሩቅ የማይለይ ሆኗል። በሩ የሸፈነው «ሞት» ነበር፤ እሱ ነጭ ሆኖ ያበራል።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ጓድ ሰይድ?» አለ።

አንተም በየዋህነትህ «ፀሐይ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የድሬዳዋ ፀሐይ» አልኸው።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሊቀመንበሩ ፉርጎውን አንሥቶ ለጥበቃው ሰጠና ንግግሩን ቀጠለ። ፉርጎውም አልተመለሰልንም። ከሁለት ወር በኋላ ለውትድርና የሚሄዱት ስም ሲጠራ ያንተ ስም አለበት። ከሠላሳ በላይ አይወስዱም ተብሎ ነበር፤ አንተ ሠላሳ ሁለት ነበርህ። ዝርዝሩ ላይ ሃያ ዘጠኝ ብለው ጽፈውሃል። ልከራከር ስነሣ እጄን ይዘህ አስቀመጥኸኝ፤ አፌን ከፍቼ እኔም እንዳልጠፋብህ ፈርተህ። የጭነት መኪናው ላይ ስትወጣ ቅንድብህ ላይ ሰጋቱራ ነበረ። ላራግፍልህ እጄን ብዘረጋ አልደረስሁበትም።

ከማሠልጠኛው ሁለት አጭር ደብዳቤ ጻፍህልኝ፤ ለሁለቱም መለስሁልህ። ከዚያ ሦስተኛው መጣ። በቃሌ ነው የማውቀው። «ሉባባ፣ ባቡር አየሁ» ይላል። ወደ ምሥራቅ ሊወስዷችሁ ለገሃር ላይ እንደጫኗችሁ፣ ከብት የሚጫንበት ፉርጎ እንደነበር፣ በሩን ለነፋስ ክፍት እንደተዉላችሁ ትነግረኛለህ። ዝገቱ እንዳልሽው ከታች ነው የሚጀምረው ትላለህ። ቀጥሎ «በሩ የሸፈነው ቦታ እውነትም አልደበዘዘም። ሄጄ በእጄ ነክቼ አረጋገጥሁ» ይላል። ከዚያም አንድ የሳትነው ነገር አለ ብለህ፣ ውስጡን አለመሥራታችንን ትጽፍልኛለህ። በውስጥ በኩል ጣውላው ላይ ከእናንተ በፊት የሄዱ ልጆች ስማቸውንና አገራቸውን በምስማር ቀርጸዋል፤ ባንዱ ስም ላይ ሌላው ተደርቧል። «ስመለስ ውስጡን እንሠራዋለን። ቶሎ ጻፊልኝ» ብለህ ትጨርሳለህ።

እኔ ግን ያችን አንዲት መሥመር ብቻ ነው ያነበብሁት። በሩ የሸፈነው እውነትም አልደበዘዘም። ወቀስኸኝ ብዬ ነው ያነበብሁት። ይሄው በትምህርትሽ የት እንደደረስሁ እዪ ያልኸኝ መሰለኝ። በራሴ የማስበውን አንተ በጽሑፍ የላክህልኝ መሰለኝ። መጀመሪያ አፈርሁ፤ ከዚያ ተናደድሁብህ፤ ለምን እንቢ አላልኸኝም፣ ለምን በዓሉ ይለፍ ብለህ አልጸናህም እያልሁ ከደብዳቤህ ጋር ስጣላ ከረምሁ። ወረቀት አውጥቼ «ሰይዴ» ብዬ እጽፍና እቀደዋለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት፣ የሚቀጥለው ወር እያልሁ አምስት ወር ሆነ። ከዚያ ቀበሌ ጠሩኝ፤ ወረቀቱንም አነበቡልኝ።

ከዓመት በኋላ ከውጫሌ የመጣ ነጋዴ፣ የአናጢውን የሰይድን ሚስት የሚፈልግ ሰው አለ ብሎ መጣ። አራጋው ይባላል፤ የአምባሰል ገበሬ ነው፣ ካንተ ጋር አንድ ጓድ ውስጥ ነበረ። እግሩን ተመትቶ ተሰናብቷል። በገበያ ቀን ውጫሌ ወጥቼ አገኘሁት። ክራንቹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ አገኘሁትና ስንተያይ ሁለታችንም አለቀስን። ወረቀቱ በጦር ሜዳ ቢልም በጥይት አይደለም አለኝ፤ በትኩሳት ነው። አራት ቀን ታመህ በአምስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ዐረፍህ። ካንተ ሃይማኖት የሆኑ ልጆች አጥበው፣ ሰግደው ቀበሩህ። አልሀምዱሊላህ፤ ይህን ሳላውቅ ነበር ዓመት የከረምሁት።

ከዚያ ስለ ባቡሩ ሳልጠይቀው አወራኝ። ለገሃር ላይ ፉርጎው ዘንድ ስንደርስ ሁላችን አንገታችንን ስንደፋ ሰይድ ብቻ በስንዝሩ ይለካ ነበር አለኝ። በሩን ገፋ አድርጎ የሸፈነውን ቦታ አይቶ፣ ተመልሶ እየሳቀ፣ እያንዳንዳችንን እጃችንን ይዞ እየወሰደ አሳየን። «ሚስቴ ናት ያስተማረችኝ። ባቡር ሳላይ እንዳየሁት ያደረገችኝ እሷ ናት» ይለን ነበር። እብድ መስሎን ነበር አለኝ፤ በኋላ ግን የፉርጎ ዝገት እያሳየን መንገዱን አስረሳን።

ወቀሳ አልነበረም፣ ሰይዴ። ደስታህን ነበር የላክህልኝ።

አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ ባልጠይቀው ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤ የሚታደል ቀን ምን ያደርግ ነበር አልሁት። አራጋው መሬት መሬት እያየ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚቆመው እሱ ነበር አለኝ። ሳይመጣለት ሲቀርስ አልሁት። «ሉባባ ስፌት በዝቶባት ነው፤ በዓል ደርሷል ይል ነበር» አለኝ። በዓል ባይደርስም እንዲሁ ይል ነበር አለ።

ከውጫሌ እስከ ሐይቅ በአውቶቡስ እንዴት እንደተመለስሁ አላውቅም። ለእናትህም እስከ ዛሬ አልነገርኋቸውም። እሳቸው የሚያውቁት በጦር ሜዳ መሞትህን ብቻ ነው። ትኩሳቱን ብነግራቸው ባቡሩን እነግራለሁ፤ ባቡሩን ብነግራቸው ደብዳቤውን እነግራለሁ ብዬ ዝም አልሁ።

አሁን ባለፈው ሳምንት የሆነውን ልንገርህ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ እሱ ነው። ዝናብ ጥሎ እንዳባራ በሩ ተንኳኳ። ሊቀመንበሩ ነው። ሊቀመንበር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል፤ ሌላ ተሹሟል። ከስቷል፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ድሮ ሲመጣ ሳያስፈቅድ ነበር የሚገባው። አሁን ደጃፉ ላይ ቆሞ «ልጄ ሉባባ፣ ልግባ?» አለኝ። አንድ ልጁን ደሴ ላይ ከትምህርት ቤት ሲወጣ አፍሰው እንደወሰዱት፣ ስምንት ወር ሙሉ ድምፁ እንደጠፋ ሰምቻለሁ። ከተማው ሁሉ ሰምቷል፤ ያዘነለት ግን ብዙ የለም። እኔም አላዘንሁም ነበር።

ገብቶ ጠረጴዛው አጠገብ ቆመ። ላስቲኩን ገለጥሁለት። ጎንበስ ብሎ ፉርጎዎቹን አንድ ባንድ አየ። «ወደ ምሥራቅ በባቡር ነው የወሰዷቸው አሉኝ» አለ። «እኔ ባቡር አይቼ አላውቅም። በየትኛው ነው የሚያስገቧቸው?»

ውጣ ልለው እችል ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ሰው የምናገረውን ስፌት ላይ ቁጭ ብዬ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ግን እጁን አየሁት፤ ጣቱ ከሐዲዱ በላይ ተዘርግቶ የትኛውን እንደሚነካ አያውቅም። ከብት የሚጫንበትን አነሣሁና በሩን በጥፍሬ ገፋ አደረግሁለት። በዚህ ነው አልሁት። በሩን ለነፋስ ክፍት ይተዉላቸዋል፤ በር አጠገብ የተቀመጠ ሜዳውን እያየ ይሄዳል። በውስጥ በኩል ስማቸውንና አገራቸውን ጣውላው ላይ ይቀርጻሉ። አንተ የጻፍህልኝን ነው የነገርሁት፤ ሌላ የማውቀው የለኝም።

«የኔስ ልጅ በር አጠገብ ይሆን የተቀመጠው?» አለኝ።

«ይሆናል» አልሁት።

ፉርጎውን ተቀብሎኝ በሁለት እጁ ይዞት ቆየ። ከዚያ ነው የጠየቅሁት። የሰይድን ስም ዝርዝሩ ላይ ያስገቡት በዚያች ፉርጎ ምክንያት ነው ወይ አልሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። «የቱ ፉርጎ?» አለኝ።

ነገርሁት። መፈክሩን፣ የደበዘዘውን፣ ከኋላ የሳቀውን ሰው፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ያልኸውን ሁሉ ነገርሁት። ግንባሩን ቋጥሮ ሰማኝ። እየዋሸ ቢሆን እለየው ነበር፤ በእውነት ለማስታወስ ይለፋ ነበር። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ። «ስም ብዙ ነበር፣ ልጄ። ወላሂ፣ አላስታውስም» አለኝ።

ፉርጎውን ቦታው ላይ መልሶ፣ አመስግኖኝ ወጣ። በዝናብ ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት።

ያቺን ፉርጎ ሦስት ዓመት ተሸክሜያታለሁ። ገድዬህ እንደሆነ ለማወቅ ነበር የኖርሁት፤ የሚያውቀው አንድ ሰው እሱ ነበረ፤ እሱም አያስታውስም። ሸክሜን አወረደልኝ ወይስ አንተን ሁለተኛ ቀበረህ፣ አሁንም አልለየሁትም። ሸክሙ ተነሥቶልኝ እንደሆነ ትከሻዬ አላወቀውም። ያወቅሁት ይህን ብቻ ነው፤ አንተን የወሰደህ ሰው አያውቅህም። ወረቀቱም አያውቅህም፤ የሞትህበትን እንኳ ስቷል። የቀበሩህ ልጆች የት እንዳሉ አላህ ነው የሚያውቀው። አራጋውም እርሻውና እግሩ አለበት። እንግዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ነገ በጠዋት አርዲቦ እወጣለሁ። እናትህ እግር ሥር ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግራቸዋለሁ። ትኩሳቱን፣ ያጠቡህን ልጆች፣ በስንዝርህ የለካኸውን ባቡር፣ የመፈክሩን ፉርጎ ማን እንዳስደበዘዘህ። አምስቱንም ወር እነግራቸዋለሁ። ቢቆጡኝ ተገቢ ነው፤ ቢያባርሩኝም ደጃቸው ላይ ቆሜ እጨርሰዋለሁ። ልጃቸው የእሳቸው ነው እንጂ የእኔ ብቻ ምሥጢር አይደለም። ከእሳቸው አንደበት ደግሞ የእህትህ ልጆች ይሰሙታል፤ እንዲያ እያለ ካንዱ ወዳንዱ ይሄዳል።

ሰው ካልረሳ አይኖርም ይሉኛል። ይሁን። አንተን ለመርሳት የሚበቃ ዕድሜ ግን ከአላህ አልለምንም።

አላህ ይርሀምህ፣ ሰይዴ።

ያንተው ሉባባ፣
ሐይቅ